ፓውዋው፣ የፑዌብሎ ንግሥ ወይስ ኩስኮ? የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሥርዓት ማየት ለምትፈልጉ

ስልካችሁን መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ ቀኑን ሙሉ ያለ እሱ መዋል ትችላላችሁ? የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሃይማኖታዊ ሥርዓት በዓይኔ ልይ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው። «ፎቶ ካላነሳሁ መሄዴ ምን ዋጋ አለው» የሚል ሰው የሚሄድበት ቦታ አለ። «ችግር የለም፣ እተወዋለሁ» የሚል ደግሞ ሌላ ቦታ አለው። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ያ ነው።

ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ዲሲ፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖር አበሻ ብዙ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ሃያ ዓመት ኖረን ከአገሩ ባለቤቶች አንድ ሰው ያላወቅን! የምናውቃቸው በልጅነታችን ካየነው የካውቦይ ፊልም ነው። «ቀይ ሕንድ» የሚለውም አብሮን የኖረው ከዚያው ነው። ስትሄዱ ይህን ቃል ቤት ትታችሁት ሂዱ። የሕዝቡን ስም ጥሩ፦ ላኮታ፣ ናቫሆ፣ ታኦስ፣ ኬዋ። አንድ «ሕዝብ» የለም። የአሜሪካ መንግሥት እውቅና የሰጣቸው ነገዶች ብቻ ከ570 በላይ ናቸው፤ የአንዱ ሥርዓት ለሌላው እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «የቱ ይሻላል» ስል የቱ ሃይማኖት ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ባለቤቶቹ በራቸውን ከከፈቱት ውስጥ ለእናንተ የሚስማማው የቱ ነው ነው ነገሩ። በሩ የተዘጋውንም እነግራችኋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ለቸኮለ ሰው፦ ልጆች ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ፓውዋው፣ ብዙ ነገዶች የሚገናኙበት በዓል። ጸሎት ማየት የፈለገ፣ ዝም ብሎ መቆም የሚችል፣ የፑዌብሎ ንግሥ፣ የኒው ሜክሲኮ ነባር መንደሮች የቅዱስ ቀን። ዕረፍት ወስዶ ሩቅ ለመሄድ ገንዘቡ ያለው ኩስኮ፣ ፔሩ። ሰን ዳንስና የላብ ድንኳን የሚባሉት የጸሎት ሥርዓቶች ደግሞ ካልተጠራችሁ አይሆኑም።

የፑዌብሎ ንግሥ

ይህን በቅድሚያ የማነሳው ስለማዳላ ነው፤ አልደብቅም።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 19 ፑዌብሎዎች አሉ። ፑዌብሎ በስፓኒሽ መንደር ማለት ነው። ስፔኖች ሲመጡ ለእያንዳንዱ መንደር ጠባቂ ቅዱስ ሰጡት። በቅዱሱ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀደሳል። ከቅዳሴ በኋላ የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው ያወጡና አደባባዩ ዳር በቅጠል በተሠራ ዳስ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ጭፈራ ይጀመራል። ቅዱሱ ዳሱ ሥር ሆኖ ያያል።

ለፈረንጅ ቱሪስት ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለእኛ ሰው አንድ ቃል ይበቃል፦ ንግሥ። «ዳንስ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የምታዩት ነገር ለዳንስ ቤት ሳይሆን ለወረብ ነው የሚቀርበው። እግርና ከበሮ አንድ ላይ የሚጸልዩበት ነው።

ኬዋን እንውሰድ። ድሮ ሳንቶ ዶሚንጎ ይባል ነበር። በአልበከርኪና በሳንታ ፌ መሃል፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው። በዓሉ ኦገስት 4 ነው፤ የሚጨፈረውም የበቆሎ ጭፈራ። መንደሩ በሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም የየራሳቸው ኪቫ አላቸው። ኪቫ ማለት የጸሎት ቤታቸው ነው፤ እንግዳ ደጃፉንም አይረግጥም። አንዱ ወገን ጨፍሮ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እንዲህ እየተቀያየሩ እስከ ማታ።

ወንዶቹ ከወገባቸው በላይ ገላቸውን ቀለም ተቀብተዋል። ከኋላቸው የቀበሮ ቆዳ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጃቸው ፍሬ የሚንሿሿበት ቅል፣ በሌላው የጥድ ቅርንጫፍ። ሴቶቹ አንድ ትከሻ የሚያሳይ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ራሳቸው ላይ ደመናና ተራራ የተቀረጸበት ቀጭን ሰሌዳ ቆሟል። ከጎን የወንዶች መዘምራን ከበሮውን ከበው ይቆማሉ። ከሰልፉ አናት ላይ ላባ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይወዛወዛል፤ ከሥሩ ያለፈ ሁሉ ይባረካል። አያት ከልጅ ልጇ ጎን ትጨፍራለች። አንድ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ እርምጃው ሲዛነፍበት ማንም አይስቅም። ደሙን የሚያሞቀው ግን የእግሩ ድምፅ ነው። በመቶ የሚቆጠር እግር ደረቅ አፈሩን እኩል ሲመታ መሬቱ ከሥራችሁ ይሰማችኋል።

ሲያልቅ አይጨበጨብም። እልልታም እንዳታመልጣችሁ።

ፎቶ ክልክል ነው። ቪዲዮ፣ ድምፅ መቅዳት፣ በእርሳስ መሳል ሳይቀር ክልክል ነው። «አንዴ ብቻ» ብሎ ስልኩን ያወጣ ሰው ሊቀማ ይችላል። አደባባዩን አቋርጦ መሄድ፣ መሰላል ላይ መውጣት፣ መቃብር ውስጥ መግባት አይቻልም። «ይህ ምን ማለት ነው? ያኛውስ?» እያሉ መጠየቅም ነውር ነው። ብዙው ነገር ለራሳቸው ልጆችም የሚነገረው በጊዜው ነውና።

ለምን እንዲህ እንደጠበቁ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1675 የስፔኑ ገዥ 47 የፑዌብሎ የሃይማኖት መሪዎችን «ጠንቋይ» ብሎ አሰራቸው። አራቱ ስቅላት ተፈረደባቸው፤ የቀሩት በአደባባይ ተገረፉ። ከተገረፉት አንዱ ፖፔ ይባላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ሰው ቋጠሮ ያለው ገመድ በሯጮች እጅ ለየመንደሩ ላከ። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ፍቱ፤ መጨረሻው ሲፈታ ተነሡ። በኦገስት 1680 ተነሡ። ስፔኖች ኒው ሜክሲኮን ለ12 ዓመት ለቀው ወጡ። ሲመለሱም የድሮውን ያህል መጫን አልቻሉም። እናም ዛሬ የሚከለክሏችሁ ካሜራ ታሪክ አለው። ያ ጭፈራ ሰው የተገረፈበት ነው።

የበዓሉ ግማሽ ደግሞ ምግብ ነው። በዚያ ቀን ቤቶች ክፍት ናቸው። በር ላይ የቆመች ሴት «ኑ ብሉ» ካለቻችሁ ግቡ፤ እምቢ ማለት ደግ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ቀይ በርበሬ የገባበት ወጥ፣ ከጭቃ ምድጃ የወጣ ዳቦ፣ የበቆሎ ሾርባ ታገኛላችሁ። በሉ፣ አመስግኑ፣ ተነሡ። እኛ ዘንድ በልቶ ብድግ ማለት ነውር ነው፤ «ለሆዱ ነው የመጣው» ያስብላል። እዚያ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። ለቡና አትቀመጡ፤ ሒሳብ እንክፈል ብላችሁም ባለቤቷን እንዳታሳፍሩ።

አሁን የሌላ አገር መመሪያ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ፖሶሌ የሚሉት የበቆሎ ሾርባ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ቀዩ ወጥም ሊኖርበት ይችላል። ለስለስ ብላችሁ ጠይቁ፤ አይቀየሙም። ጾም የምትጾሙ ከሆነ ቀኑን ምረጡ። ሳንታ ክላራ ኦገስት 12፣ ዚያ ኦገስት 15 ናቸው፤ ሁለቱም ፍልሰታ ውስጥ ይወድቃሉ። የኬዋው ኦገስት 4 ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ነፃ ናችሁ። የታኦሱ ሴፕቴምበር 30 ከመስቀል በሦስተኛው ቀን ነው። የሄሜዙ ኖቬምበር 12 የነቢያት ጾም ሳይገባ ያልፋል። በጾም ቀን ከተገኛችሁም ዳቦውን ይዛችሁ «ጾም ላይ ነኝ» በሉ። ከጠዋቱ ቅዳሴ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል።

ከ19ኙ የቱን? ለበጋ ጸሎት ኬዋ። ለብርድ የማይሰጋ ሰው ሳን ኢልዴፎንሶ፣ ጃንዋሪ 23፤ ጎህ ሲቀድ የጎሽና የአጋዘን ቀንድ የደፉ ጨፋሪዎች ከኮረብታ ወርደው ይመጣሉ። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ታኦስ ይቀርባችኋል፤ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። ዋዜማው ምሽት ላይ ይጀመራል። በማግስቱ ጠዋት የሩጫ ቅብብሎሽ አለ። ከሰዓት በኋላ ገላቸውን የተቀቡ ቀልደኞች ረጅም ግንድ ላይ ለመውጣት ይታገላሉ፤ ጫፉ ላይ በግ ተሰቅሏል። ያኔ መሳቅ ይቻላል። ቀልደኞቹ ግን ቅዱስ ሥራ ነው የያዙት፤ እናንተንም መቀለጃ ሊያደርጓችሁ ስለሚችሉ ቻሉት።

ልብ በሉ፦ ታኦስ በአዘቦት ቀን ትኬት ገዝቶ ለገባ ቱሪስት ፎቶ ይፈቅዳል። በበዓል ቀን ግን ስልክም ካሜራም አይገባም። አምና በአዘቦት ሄዶ ያነሳ ጓደኛ ስላላችሁ አትሸወዱ።

ፓውዋው

ፓውዋው ከሜዳማው የመሃል አገር ሕዝቦች የወጣ፣ ዛሬ ብዙ ነገዶች አንድ ላይ የሚገናኙበት በዓል ነው። በጥብቅ ካየነው ሃይማኖታዊ ሥርዓት አይደለም። ውድድር አለ፣ ሽልማት አለ፣ የሚሸጥ ጌጣጌጥ አለ፣ ማይክ የያዘ ቀልደኛ መድረክ መሪ አለ። ሆኖም ውስጡ ጸሎት አለበት። እሱን መለየት ነው የእናንተ ሥራ።

ሲጀመር ሁሉም ጨፋሪ ተሰልፎ ይገባል። ከፊት የንስር ላባ የተደረደረበት በትር ይያዛል፤ የቀድሞ ወታደሮች ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ተነሡ፣ ባርኔጣ አውልቁ፣ ስልክ አውርዱ። ፎቶ መቼ እንደሚፈቀድ መድረክ መሪው ይናገራል። የሚለብሱት «ኮስቲዩም» አይባልም። የአያት እጅ የሰፋው፣ የዓመታት ልፋት ያለበት የክብር ልብስ ነው። ሳታስፈቅዱ አትንኩ።

አንድ የንስር ላባ መሬት ከወደቀ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። ከበሮው ዝም ይላል። የተመረጡ አርበኞች መጥተው በሥርዓት ያነሡታል። እናንተ አቀብላለሁ ብላችሁ እንዳትነኩት። ክብሩ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ሌላ። የንስር ላባ ይዞ መገኘት በፌደራል ሕግ ለሌላው ሰው የተከለከለ ነው።

እዚያ ከሚቀርቡት ሁሉ የእኔ ምርጫ የሴቶቹ የጂንግል ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ላይ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የቆርቆሮ ቀንዶች ተሰፍተዋል። ድሮ የሚሠሩት ከትምባሆ ጣሳ ክዳን ነበር። ሴቲቱ ስትራመድ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲጀምር ያለው ድምፅ ይወጣል። አመጣጡ ከኦጂብዌ ሕዝብ ነው፤ ከ1918ቱ የጉንፋን ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ልጁ የታመመችበት አባት ቀሚሱን በራእይ አየ፤ ተሰፍቶ ተጨፈረበት፤ ልጅቱ ዳነች። ስለዚህ ዛሬም የፈውስ ጭፈራ ነው። በውድድር መሃል እንኳ ለታመመ ሰው ተብሎ ሲጨፈር ታያላችሁ።

«ኢንተርትራይባል» ሲባል ደግሞ ማንም መግባት ይችላል። እናንተም። እስክስታችሁን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከበሮውን ተከትላችሁ መራመድ ይበቃል።

ትልልቆቹ በትኬት ናቸው፤ የሰፈር ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ በነፃ። ዴንቨር በየማርቹ ትልቅ ፓውዋው በአዳራሽ ውስጥ አለ። ሲያትል ጁላይ ላይ ዲስከቨሪ ፓርክ ውስጥ፣ ዴይብሬክ ስታር በሚባለው ማዕከል ይደረጋል። ካምፕ የሚወድ ቤተሰብ ኦገስት ላይ ሞንታና ይሂድ፤ ክሮው ፌር ከ1904 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሜዳው በሺህ በሚበልጥ ድንኳን ይሸፈናል። ማርች ላይ ዓቢይ ጾም ስለሆነ ፍራይ ብሬዱ ያጓጓችኋል። በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ነው። አንዳንዱ ሊጥ ወተት፣ አንዳንዱ መጥበሻ የአሳማ ስብ ስላለው ሳትጠይቁ አትግዙ። ይህ ቂጣ የባህል ምግብ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ከመሬቱ ተነቅሎ በመንግሥት ዱቄትና ስብ ራሽን ሲኖር የተፈጠረ ነው፤ አንዳንዶቹ በፍቅር፣ አንዳንዶቹ በምሬት ይበሉታል።

ኩስኮ፦ ትርዒቱ ወይስ ጉዞው?

ኢንቲ ራይሚ ጁን 24 ቀን ይከበራል። የኢንካዎች የፀሐይ በዓል ነው። ኮሪካንቻ ከሚባለው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ይጀምራል፣ በዋናው አደባባይ ያልፋል፣ ሳክሳይዋማን ምሽግ ላይ ያበቃል። ወርቃማ ካባ፣ በትከሻ የሚሸከሙት ንጉሥ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋንያን። ተዋንያን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተከለከለው በዓል ዛሬ ባለው መልኩ የተመለሰው በ1944 ነው፤ ንግግሩ በኬችዋ፣ በኢንካዎቹ ቋንቋ፣ ተጽፎ በመድረክ ይቀርባል። ላማውም በእውነት አይታረድም።

ይህ አያስጠላውም። ለዘመናት የተናቀ ቋንቋ በአደባባይ በኩራት ሲነገር መስማት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ግን ጸሎት ፈልጋችሁ ሄዳችሁ ትርዒት ብታገኙ አትናደዱ፤ ነግሬያችኋለሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቦታዎች ቆማችሁ በነፃ እዩ። የሚያስከፍለው የሳክሳይዋማን ወንበር ነው።

ጸሎቱን የፈለገ፣ ጉልበትም ያለው፣ ኮርፐስ ክርስቲ የሚባለው የካቶሊኮች በዓል ከመድረሱ በፊት ወደ ሲናካራ ሸለቆ ለኮዩር ሪቲ የጸሎት ጉዞ ይውጣ። ክርስቶስ በዓለት ላይ ታየ የሚባልበት ቦታ ነው፤ የተራራ መናፍስትም አብረው ይከበራሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምዕመን ሌሊት በበረዶ ሥር ያድራል። የድብ ልብስ የሚለብሱት ኡኩኩዎች ድሮ ከበረዶው ቆርሰው ለበረከት ይዘው ይወርዱ ነበር። በረዶው እየሟሟ ስለሄደ አቁመዋል። ለእኔ ከኢንቲ ራይሚ ወርቅ ሁሉ ይህ ይበልጥ ይነካል። ቦታው ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። «አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፣ ከፍታ ለምጃለሁ» አትበሉ። ኩስኮ ራሷ 3,400 ሜትር ናት፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ትበልጣለች። ሁለት ሦስት ቀን ሳትላመዱ አትውጡ። ልጆች ይዞ መውጣት የማይታሰብ ነው።

ካልተጠራችሁ አትሂዱ

የላኮታዎች ሰን ዳንስ በበጋ አራት ቀን ይፈጃል። ጨፋሪዎቹ ሳይበሉ ሳይጠጡ በአንድ ዛፍ ዙሪያ ለሕዝባቸው ይጸልያሉ። የአሜሪካ መንግሥት በ1883 ከለከለው፤ የተገኘበት ራሽኑን ይነጠቃል ወይም ይታሰራል። ክልከላው በ1934 ቢነሣም የነባር ሕዝቦችን የእምነት ነፃነት የሚጠብቅ ሕግ የወጣው በ1978 ነው። አስቡት፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለሃምሳ ዓመት ሲያሳስር። በ2003 የላኮታዎች ቅዱስ ፒፓ ጠባቂ አርቮል ሉኪንግ ሆርስ ከነባር ሕዝቦች ውጭ ያለ ሰው ወደ ሥርዓቱ ክብ እንዳይገባ የሚል መግለጫ አወጡ። ሁሉም ቡድን አልተስማማበትም። ለእኛ ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ የሚያውቃችሁ ሰው ራሱ ካልወሰዳችሁ በስተቀር ይቅር።

ኢኒፒ፣ ማለትም የላብ ድንኳን፣ ይበልጥ ያሳስታል፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት ይሸጣል። ከአኻያ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ ዝቅተኛ ጎጆ ነው፤ ተሸፍኖ ጨለማ ይሆናል፤ በጋለ ድንጋይ ላይ ውኃ እየተረጨ ይጸለያል። ስቲም ባዝ አይደለም። በ2009 አሪዞና፣ ሴዶና አጠገብ፣ ከነባር ሕዝቦች ያልሆነ አንድ የ«ስኬት» አሠልጣኝ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ አስከፍሎ ከ50 በላይ ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ አስገባ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። እሱም ተፈርዶበት ታሰረ።

መለያው ቀላል ነው። ዋጋ የተለጠፈበት ከሆነ አትግቡ። ጠበል በትኬት የሚሸጥ ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እነሱም ያንኑ ነው የሚሉት።

ከመነሣታችሁ በፊት

የፑዌብሎ ቀኖች ቋሚ ናቸው፤ በሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ይዘጋል። በሐዘን ወይም በሌላ ምክንያት እንግዳ የማይቀበሉበት ዓመት አለ፤ ምክንያቱን ላይነግሯችሁም ይችላሉ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ወደ መንደሩ ቢሮ ደውሉ። የሚጀመርበትን ሰዓት ብትጠይቁ «ሲዘጋጁ» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ይህን ሰዓት እኛም እናውቀዋለን።

ተጣጣፊ ወንበር ያዙ፤ ግን ከኋላ ዘርጉት፣ የፊቱ መስመር የመንደሩ ሰው ነው። ጥላ አትዘርጉ፣ ከኋላችሁ ያሉ አዛውንት አያዩም። ባርኔጣ፣ ውኃ፣ ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። ምግብ ከተጋበዛችሁ ባዶ እጅ ላለመግባት ቡና ያዙ። የይርጋጨፌ ቢሆን ደስ ይላል። የተቆላና የተፈጨ ይሁን፤ በዚያ ቀን ባለቤቷ ለመቁላት ጊዜ የላትም።